ይሉኝታ በኅሊና መንበር ሲቀመጥ

ከደምበጫ ተነሥቶ በጂጋ አድርጎ፣ ቀድሞ ወጀት ይባል ወደ ነበረው ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው፣ ልቡ የከበደው ጊዜ ምክር ፍለጋ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ መምህሩ ወይም ወደ ታመነ ወዳጁ ሲሄድ፣ ነገሩን የሚጀምርበት አንድ የተለመደ አጀማመር አለው፤ ይኸውም «እኔ እንዲህ አሰብሁ» ማለት ሳይሆን «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ነው። የሸማኔ ልጅ ከባልንጀሮቹ ፊት የአባቱን ሙያ መናገር ሲያፍር፣ በትምህርቷ ልትገፋ የምትወድ ልጃገረድ ቤተ ዘመድ የቆረጠላትን ጋብቻ እንቢ ማለት ሲከብዳት፣ በሚዛን ወይም በማኅተም ላይ የተሾመ ሰው ዘመዱ ያለ ተራው እንዲፈጽምለት ሲለምነው፣ ሦስቱም የሚጨነቁበት ነገር ልዩ ልዩ ሳለ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው። መካሪውም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ለዚሁ ለሰው አፍ ነውና፣ ጠያቂው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ጎረቤቶቹ ብዙ ተምሮ፣ ስለ ራሱ ግን አንድም ቃል ሳይሰማ ይቀራል።

«ይሉኝታ» የሚለው ቃል አወጣጡን ላስተዋለ ሰው ትምህርት ይሰጣል። «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የተወለደ ስም ስለ ሆነ፣ በቃሉ ሆድ ውስጥ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ታጥፎ ተቀምጧል፤ የዚያ ዐረፍተ ነገር ባለቤት «እነርሱ» ሲሆኑ «እኔ» ተሳቢ ሆኖ ይገኛል። «ኅሊና» ግን «ኀለየ»፣ ማለትም «አሰበ»፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነውና፣ በእርሱ ውስጥ ሰው አሳቢ ነው እንጂ የሚታሰብበት አይደለም። አባቶቻችን ሁለቱን ነገር በሁለት ስም ለይተው ሲያስቀምጡልን፣ እኛ በጊዜ ብዛት አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ መልመዳችን ለብዙ ሰው ጭንቀት ምክንያት ሆኗል የሚል እምነት አለኝ።

ሆኖም ይሉኝታን ጨርሶ መንቀፍ የጎጆን ምሰሶ እንደ መንቀል ይቆጠራል። ጎረቤቱ የታመመበት ገበሬ የራሱ እርሻ እየጠበቀው በወንፈል ተሰልፎ የሌላውን ማሳ የሚያርስ፣ የተበደረውን እህል በአዝመራ ጊዜ ሰፍሮ የሚመልስ፣ ከቀብር የማይቀር፣ የተጣላው ሰው ቤት ሐዘን ሲገባ ቂሙን ከደጅ ትቶ ገብቶ የሚያስተዛዝነው፣ ከፍቅርና ከፈሪሃ እግዚአብሔር ጋር ይሉኝታም ስለሚይዘው ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት ሩቅ በሆኑበት ገጠር ንብረትን ያስከበረ፣ ወላጅ አልባውን ያሳደገ አንዱ ኀይል ይህ ነው፤ ስለዚህም «ይሉኝታ ቢስ» መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይሉኝታ የሚያጠፋው ሊፈርድበት በማይገባው ነገር ላይ እንዲፈርድ በተቀመጠ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሰው ምን ሆኖ እንደ ተወለደ፣ ምን እንደሚያምን፣ እጁን በምን እንደማያሳድፍ በሚጠየቅበት ጊዜ ነው።

ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የትውልድ ነገር ነው። ጎጃምም ሆነ ሌላው የሀገራችን ክፍል፣ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እያለ ሲያንቋሽሽ፣ ከዚያም አልፎ ቡዳ ነው እያለ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቀው መኖሩን ማንም አይክደውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ግን ጆሮን እንጂ ልብን ስለማያጥብ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልሞተም። በአንድ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ቤት ገብቶ ዕቃውን አንድ በአንድ የሚመለከት ሰው ማረሻው የቀጥቃጩ፣ ምጣዱና ጋኑ የሸክላ ሠሪዋ፣ ጋቢው የሸማኔው፣ ጅራፉና መጫኛው የፋቂው እጅ መሆኑን ያያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዳዊት የተጻፈበት ብራናም ከቆዳ ተፍቆ የተገኘ ነው። እነዚህን እጆች ከሀገሩ ላይ ብታነሣ ገበሬው በባዶ እጁ፣ እንጀራውም ያለ ምጣድ፣ ጸሎቱም ያለ መጽሐፍ ይቀራል።

እንግዲህ የሸማኔው ልጅ ምክር ቢጠይቅ ምን ይባላል? ብዙዎች «አንተ ከማን ታንሳለህ፣ አይዞህ» ብለው ያልፉታል፤ ቃሉ መልካም ነው፣ ግን እንደ ቀላል ማስታገሻ ሆኖ እስከ ማግስቱ ብቻ ይቆያል። እኔ የሚጠቅመው ልጁ እውነቱን በስሙ እንዲጠራ ማስተማር ነው እላለሁ፤ አባቱ ሸማኔ ነው፣ ሽመናም ፈትሉን ከማድራት ጀምሮ ጥለቱን እስከ መጣል ድረስ የዓይንና የእጅ ትምህርት የሚጠይቅ ጥበብ ነው፣ የሚንቁትም ሰዎች የሚንቁትን ለብሰው ይሄዳሉ። ራስን መቀበል ማለት ራስን ማሞገስ ሳይሆን ከራስ እውነት አለመሸሽ ነው፤ የሚሸሽ ሰው ሰዎች ምሥጢሩን እንዳያውቁበት ዘወትር ሲጠብቅ ለሌላ ሥራ የሚሆን ኀይል አይተርፈውም።

በዚህ ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ያገኘነውን አንድ ትምህርት ብዙዎች ሲያጣምሙት ስለሚታይ ማቅናት ያስፈልጋል። ትሕትና፣ ወይም በግእዙ አትሕቶ ርእስ፣ ታላቅ በጎነት ነው፤ ነገር ግን ትሑት ሰው ራሱን ዝቅ የሚያደርገው ዋጋውን እያወቀ በፈቃዱ ሲሆን፣ ራሱን የሚንቅ ሰው ግን ዝቅ ያለው ሌሎች ረግጠውት ነው። ወንጌልም ባልንጀራን እንድንወድ ሲያዝዘን መለኪያ አድርጎ የሰጠን ሰው ለራሱ ያለውን ፍቅር ነው፤ መለኪያው የጎደለበት ሰው ለሌላው የሚሰፍርለት ምን አለው?

ይህን ነገር ከመጻሕፍት ይልቅ በኑሮ ያስተማረ አንድ ቤት በጎጃም ምድር አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የጎጃም ቅኔ ቤቶች ስማቸው የተሰማ በመሆኑ፣ ከሸዋም ከጎንደርም ከወሎም የሚነሣ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ወደነርሱ ሲጎርፍ ኖሯል። ተማሪው የባላባትም ልጅ ቢሆን የድኻም ልጅ ቢሆን፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ፣ በውሻ እየተባረረ፣ ሳር በለበሰች ጠባብ ጎጆ እያደረ ይማራል። ይህ ኑሮ መናቅን ሳይሰበሩ መሸከም የሚለመድበት ትምህርት ነው፤ ሰው ከደጁ ሲያባርረው የማያንስ፣ ሰው ሲያጎርሰውም የማይኩራራ ሰው እንዲወጣው ሥርዐቱ ራሱ ያሠለጥነዋል።

ይልቁንም ትኵረት የሚገባው የትምህርቱ አካሄድ ነው። የኔታ የዕለቱን ቅኔ ተቀኝተው ምሥጢሩን ካስረዱ በኋላ ተማሪው ወደ ዱሩና ወደ ዛፉ ጥላ ይበተናል፤ ለምዱን ተከናንቦ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቈጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የቈጠረውንም በነገራ ጊዜ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፣ መምህሩም ያርሙታል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይሻር ሕግ አለ፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ዜማውን ከያሬድ፣ አገባቡን ከመምህሩ፣ ታሪኩን ከመጻሕፍት መውሰድ ይቻላል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ነውር ነው፣ ትናንት በማኅሌት የተባለውም ዛሬ አይደገምም። ከሀገራችን ጥንታውያን ትምህርቶች አንዱ በሆነው፣ ለአባቶች ቃል ከሁሉ ይልቅ በሚጠነቀቀው ቤት ውስጥ፣ ልጅ ጧት ጧት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ባህላችን ሰው የራሱ ድምፅ እንዲኖረው አይወድም የሚሉ ሰዎች ወደነዚህ ጎጆዎች ቀርበው ቢያዩ መልካም ነበር።

ከዚሁ ቤት የወጡት የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። እኒህ ሴት ገና በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ከቅኔ መምህሩ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው በጆሮና በልብ ተማሩ፤ ከአባታቸውም በኋላ ወንበሩን ወርሰው በጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ ብዙ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ከሥራቸው ወጡ። የቅኔ ወንበር የወንድ ወንበር ብቻ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን፣ ሴት መሆናቸውና ማየት አለመቻላቸው ለሌላ ሰው ሁለት የተዘጉ በሮች በሆኑ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታየኛል፤ አንዱ የርሳቸው ጽናት ሲሆን፣ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የአባትየው ፍርድ ነው። ያ መምህር ልጁን ሲመለከት ሰው የሚላትን ሳይሆን እርስዋ የምትችለውን አየ፤ እንዲህ ያለ አንድ ተመልካች በልጅነቱ ያገኘ ሰው በኋላ ዘመኑ የብዙ ሰው ንቀት ሲገጥመው የሚደገፍበት አያጣም።

እሴትን ይዞ መቆም ግን ራስን ከመቀበል አንድ እርምጃ ይርቃል፣ ዋጋም ያስከፍላል፤ ለዚህ የምዕራብ ጎጃም ሰው ከአቸፈር የወጣውን ደራሲ አቤ ጉበኛን ማስታወስ ይችላል። አቤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድጎ፣ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በጋዜጠኝነትና በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሠርቶ፣ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቈረጠ ሰው ነው፤ መጽሐፍ የሚገዛው ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት በዚያን ጊዜ ይህ ውሳኔ የተማረውን ሰው ሁሉ ሳያስገርም አልቀረም። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ገና በማኅፀን ያለ ሕፃን ግፍ በሞላበት ዓለም አልወለድም ብሎ ሲከራከር የሚያሳየው ይህ ልብ ወለድ የወቅቱን አገዛዝ ስለ ነካ ብዙም ሳይሸጥ ተያዘ፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጎሬ ተግዞ ኖረ። ከግዞት በኋላም መጻፉን አልተወም፤ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተረከበት «አንድ ለናቱ» ከሥራዎቹ መካከል የታወቀ ነው። እስከ 1972 ዓ.ም. ኖሮ ዐረፈ።

አቤን ስናደንቅ ግን የሱ ዐይነት ጽናት ለሁሉ ሰው በአንድ መጠን እንደማይታዘዝ መናገር ግዴታችን ነው። ልጆች የሚያሳድግ ሰው፣ በሽተኛ እናት የሚጦር ሰው፣ አቤ የከፈለውን ሁሉ ካልከፈለ እምነት የለውም ሊባል አይገባም። ከዚህም ጋር ጽናትንና ግትርነትን የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚለያቸው በአቋሙ ትክክለኛነት ነው፤ ያ ግን ሁሉም ለራሱ ትክክል ስለሚመስለው አይለያቸውም። እኔ የምመዝነው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል በመጠየቅ ነው፤ ጽኑ ሰው ስለ እምነቱ የራሱን እንጀራ፣ የራሱን ሹመት፣ የራሱን ምቾት ሲያጣ፣ ግትር ሰው ግን ስለ ክብሩ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ጎረቤቱን ያስከፍላል። በድንበር ነገር ዘመድ ከዘመድ ተጋድሎ፣ ደም ለደም እየተፈላለገ ትውልድ ያለቀበት ሀገር ይህን ልዩነት በደሙ የተማረው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው ልብ ወለዳቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የፈጠሩት ጉዱ ካሣ የዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። የተማረና የባላባት ዘመድ ሳለ የወገኖቹን ግፍ በመንቀፉ ሰዉ «ጉዱ» ብሎ ሌላ ስም አወጣለት፤ እብድም አለው። እርሱ ግን ስሙን ተሸክሞ፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ሲጠየቅ እውነቱን እየተናገረ ኖረ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሰው ስለ እርሱ የሚባለውን ሁሉ አይሰማም፣ የሚሰማውም ቢሆን ሁሉ እውነት አይደለም። ደግሞም አንባቢው ያስተውል፤ ጭንቅ ሲመጣ የመጽሐፉ ወጣቶች ምክር ፍለጋ የሚሄዱት ሰዉ እብድ ወደሚለው ወደዚሁ ሰው ነበር።

ምክርን ከማን መጠየቅ እንደሚገባ ይህ ይመራናል። ሽማግሌ በጠብ ጊዜ የሚተካው የለም፤ የሽማግሌ ጥበብ ግን ዕርቅ ነው፣ ዕርቅም ሁለቱ ወገኖች ከያዙት ጥቂት ጥቂት እንዲለቁ ያደርጋል። መሬትና ከብት፣ ካሣና ይቅርታ ይከፈላሉ፤ ኅሊና ግን ግማሹን ትቶ ግማሹን መያዝ አይቻልም። ጉቦ አልቀበልም ያለውን ሹም ሽማግሌዎች «ለዛሬ ብቻ፣ ለዘመድህ ስትል» ብለው ቢያስታርቁት፣ በክፋት ሳይሆን ሙያቸው ወደ መካከል መንገድ ስለሚመራቸው ነው። ስለዚህ የጠብን ነገር ወደ ሽማግሌ፣ የኅሊናን ነገር ግን ምሥጢር ወደሚጠብቅና ከውሳኔህ ጥቅምም ጉዳትም ወደማያገኝ ሰው መውሰድ ይሻላል። የንስሐ አባት ለዚህ የተሠራ ሰው ነው፤ የሰማውን እንዳያወጣ ሥርዐት ያስረዋል፣ የሰውየውንም ድካም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሐዘኑ ግን እንቅልፍ የነሣው፣ እህል ያስጠላው፣ መኖርን ያስጠላው ሰው ሲገኝ ከምክርና ከጸሎት ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ ያ ሕመም ነው፣ ሕመምም የእምነት ጉድለት ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ መካሪ የሚያጣው ሰው በገጠር ያለች ልጃገረድ ናት። ዐሥራ አራት ዓመት የሆናትን፣ ከማንኩሳ ወይም ከጂጋ ባሻገር ካለ መንደር በእግርዋ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ እናስብ። አባትዋ ቃል ሰጥተዋል፣ ጥሎሹ ተነጋግሯል፤ ሽማግሌዎቹ ለአባትዋ የመጡ ናቸው፣ የንስሐ አባትዋም የቤተሰቡ ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው። ልጅቱ ወደ ካህኑ ቀርባ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብትል፣ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» ብለው መስቀሉን ቢያሳልሟት፣ የሚቀጥለው ቃል ከየት ይመጣል? አባትዋን ማሳዘን ኀጢአት መስሏታል፤ ትምህርትን መውደድዋም ትዕቢት መስሏታል። ዝም ብላ ትሄዳለች፣ ዝምታዋም ፈቃድ ተብሎ ይቆጠርባታል። በዚህ ቦታ ይሉኝታ የኅሊናን መንበር ይዞ ሲፈርድ በግልጥ ይታያል፤ አባት ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ፣ እናት ባሌ ምን ይለኛል ብላ፣ ልጅ ሁሉም ምን ይሉኛል ብላ፣ አንዱም ያልፈለገው ነገር ይፈጸማል።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ለውጥ አድርጓል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ ልታገባ ትችል ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ዕድሜ ተቀበለ፤ የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድም ከሌለ ጋብቻ ጋብቻ አይባልም። ልጅቱ ይህን ለመምህርዋ ወይም ለሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብትናገር ከወላጅዋ ላይ ያመፀች አይደለችም፤ ሀገርዋ የሰጣትን መብት ጠየቀች እንጂ። የቄሱም ቃል ከመምህሩ ቃል ይልቅ በአባትየው ልብ የሚገባ ስለ ሆነ፣ የገጠር ካህናት ሥርዐተ ተክሊሉን ከማድረሳቸው አስቀድሞ ዕድሜዋንና ፈቃዷን ቢጠይቁ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

የጥር ወር በጎጃም የሠርግ ወር ነው፤ ጠላው የሚጠመቀው፣ ድግሱም የሚሰናዳው ቀደም ብሎ ነው። እናንት አባቶችና እናቶች፣ እናንተም የንስሐ አባቶች፣ ዳሱ ሳይጣል፣ ሽማግሌው ሳይመለስ፣ ልጅቱን ከሰው ለይታችሁ ከጎናችሁ አስቀምጡና ምን እንደምትፈልግ እርስዋን ራስዋን ጠይቋት፤ የምትመልሰውንም እስክትጨርስ ድረስ አታቋርጧት።